ከባለቤቱ የሚደበቅ ሕመም

በደሴና በኮምቦልቻ፣ እንዲሁም ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ደጋንና በዙሪያዋ ባሉት የቃሉ ወረዳ ቀበሌዎች፣ አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው ከባድ ካንሰር እንደያዘው በሐኪም ሲረጋገጥ ቤተሰቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው ስለ ሕክምናው ዓይነት ወይም ስለ ወጪው ሳይሆን ሕመምተኛው ነገሩን እንዳይሰማ ስለ ማድረግ ነው። «እንዳትነግሯቸው» የሚለው ቃል ከሆስፒታሉ ኮሪደር ተነሥቶ በስልክ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ሪያድና ጅዳ ይደርሳል፤ ለአያትየው «ጨጓራ ነው»፣ «ቁስለት ነው»፣ «ትንሽ እብጠት ናት፣ በመድኃኒት ትሟሽሻለች» ይባላል፤ ልጆችና የልጅ ልጆችም ቃላቸው እንዳይለያይ አስቀድመው ይማከራሉ። ይህ አሠራር የአስተዋይነትና የልጅነት ወግ ተደርጎ ስለሚታይ የሚሞግተው እምብዛም አይገኝም፤ የሚሞግተው ቢገኝም ጨካኝ ወይም የፈረንጅ ትምህርት ያሳተው ይባላል። ሆኖም እምነቱ ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱም የሚታየው ከውጭ በመጣ የሕክምና ሥነ ምግባር ሚዛን ብቻ ሳይሆን የወሎ ሰው ራሱ ስለ ሞት፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ይቅርታና ስለ ኑዛዜ ባቆየው ሥርዓት ሲለካ ነው።

ምስጢሩ የት እንደሚጀምር ለማየት የምርመራውን ጉዞ መከተል ይበቃል። ምግብ አልዋጥ ያላቸው፣ ጡታቸው ላይ እብጠት የወጣባቸው፣ ወይም የወር አበባ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደም የፈሰሳቸው አንዲት የደጋን አሮጊት ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ ዱዓው፣ ጠበሉና የአገር መድኃኒቱ ተሞክሮ ካበቃ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያው ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ደሴ ሪፈር ይጽፋል፤ እዚያም ባዮፕሲ ይወሰዳል፣ ማለትም ከተጠረጠረው ዕጢ ጥቂት ሥጋ ተቆርጦ በፎርማሊን ከተጠበቀ በኋላ የፓቶሎጂ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ይመረምረዋል። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ስለሚወጣና አያትየዋ ብዙውን ጊዜ ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀቱ በመጀመሪያ የሚገባው ጥቂት በተማረ የልጅ ልጅ እጅ ነው። ከዚያም «ከእናታችን ጋር የመጣው ማን ነው?» ይባላል፤ ወጣቱ ይገባል፤ አያቱ ካርዳቸውንና የአልትራሳውንድ ወረቀቱን በፌስታል ይዘው ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ በዚያች አፍታ ስለ ገዛ አካላቸው የታወቀው ነገር ሁሉ ከእርሳቸው ተለይቶ ገና ኑሮ ባልጀመረ ልጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሐኪሙ ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ እርሱም ቤተሰቡ እንደሚፈልገው የሚያውቀውን ነው ያደረገው። ግን ከዚህች አፍታ በኋላ የሚሆነው ሁሉ፣ መልካሙም ክፉውም፣ በእርሳቸው ላይ የሚደረግ እንጂ ከእርሳቸው ጋር የሚደረግ አይሆንም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በሽታው የደረሰበት ደረጃ ነው። የካንሰር ደረጃ ከ1 እስከ 4 ሲከፈል 1ኛው በተነሣበት ቦታ የተወሰነውን፣ 4ኛው ደግሞ ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ ሌላ ሩቅ አካል የተሠራጨውን ያመለክታል፤ በኢትዮጵያ ብዙዎቹ ሕመምተኞች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው 3ኛው ወይም 4ኛው ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መሣሪያ ሲሆን፣ ይህ ማዕከል ከሃያ ዓመት በላይ በመላ አገሪቱ ብቸኛው ሆኖ በመቆየቱ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወረፋ መጠበቅ የወሎ የካንሰር ሕመምተኛ ዕጣ ሆኖ ኖሯል። ኬሞቴራፒ፣ ማለትም የካንሰር ሕዋሶች እንዳይባዙ የሚያደርገው የመድኃኒት ሕክምና፣ ከጊዜ በኋላ ወደ ክልል ሆስፒታሎች ወርዶ ደሴም ደርሷል፤ የደሴ ሆስፒታል ግን ከተማዋ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በጦርነቱ በተያዘችበት ጊዜ ተዘርፎ እንደገና መደራጀት የግድ ሆኖበት ነበር። በእንዲህ ያለ አገር መታከም ማለት መምረጥ ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ለወራት መቀመጥ ወይስ ቤት መዋል፣ በሬ መሸጥ ወይስ ለልጅ ልጆች ማቆየት፣ ጥቂት ወራት ለመጨመር የኬሞቴራፒውን ድካምና ማቅለሽለሽ መቀበል ወይስ ያሉትን ወራት በጎረቤትና በቡና መካከል ማሳለፍ። ሁለቱም ወገን ክብደት ያለው ምርጫ ነው፤ የሚመዝነው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ሕይወቱ የሚመዘነው ሰው «ጨጓራ ነው» ተብሎ መኪና ላይ ይወጣል።

የመደበቁ ደጋፊዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት እውነቱ ራሱ ይገድላል የሚለውን ነው፤ «ሐሞታቸው ይፈስሳል፣ እህል ውሃ ይዘጋሉ፣ ሳምንት አይቆዩም» ይባላል፤ ለዚህም እያንዳንዱ ሰፈር በተነገረው በጥቂት ቀን ውስጥ የሞተ ሰው ታሪክ አያጣም። ታሪኮቹ ሐሰት ናቸው ማለት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መቼ እንደ ተነገራቸው መጠየቅ ነው። እንዲደበቅ በተወሰነበት ቤት እውነቱ የሚወጣው መደበቅ የማይቻልበት ቀን ሲደርስ ነው፤ ይኸውም ሕመምተኛው ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው፣ ሰውነቱ ሲያልቅ፣ ሆስፒታሉ «ወደ ቤት ውሰዷቸው» ሲል ነው። በዚያን ጊዜ የተነገረው ሰው ቢነገረውም ባይነገረውም የቀሩት ቀናት ጥቂት ነበሩ፤ መናገሩ ከሞቱ ጋር የተጎራበተው ቤተሰቡ መናገርን እስከ ሞት ዋዜማ ስላዘገየው ነው፣ ከዚያ ግን ይኸው የዘገየ ንግግር የሞቱ ምክንያት ተብሎ ይወራና ለሚቀጥለው ቤተሰብ የመደበቂያ ማስረጃ ይሆናል። ከአገር ውጭ የተገኘ አንድ ውጤት እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባል። በቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል የተሠራጨ የሳንባ ካንሰር የያዛቸው 151 ሕመምተኞች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስለ ሕመማቸውና ስለ ፍላጎታቸው በግልጽ የሚያነጋግራቸው የማስታገሻ ክብካቤ ቡድን የተመደበላቸው ሕመምተኞች የድብርት ምልክታቸው ቀንሶ፣ የኑሯቸው ሁኔታ ተሽሎ ተገኝቷል፤ ዕድሜያቸውም አላጠረም፣ እንዲያውም ከሌሎቹ 8.9 ወር ጋር ሲነጻጸር አማካዩ 11.6 ወር ነበር። ጥናቱ መንገርን ብቻ ለይቶ የመዘነ አይደለም፣ ሕመምተኞቹም የወሎ ገበሬዎች አይደሉም፤ ነገር ግን ስለ ከባድ በሽታ በግልጽ መነጋገር ዕድሜ ያሳጥራል ለሚለው ፍርሃት ድጋፍ አይሰጥም።

ከዚህም በላይ ምስጢሩ እንደታሰበው ምስጢር ሆኖ አይቆይም። ባርኒ ግሌዘርና አንሰልም ስትራውስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የማኅበረሰብ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሥራ፣ በሳን ፍራንሲስኮና በአካባቢው ሆስፒታሎች በሞት አፋፍ ላይ ባሉ ሰዎችና በከበቧቸው ሰዎች መካከል ያለውን ዕውቀት አራት መልክ ሰጥተውታል፦ ሕመምተኛው ፈጽሞ የማያውቅበት፣ የሚጠረጥርበት፣ ሁሉም እያወቁ እንደማያውቁ የሚሆኑበት፣ እና በግልጽ የሚነጋገሩበት። ሦስተኛው፣ የጋራ ማስመሰል የሚሉት፣ የወሎን የታማሚ ቤት በቅርብ ላየ ሰው እንግዳ አይደለም። ዓመት ሙሉ ያልመጣው ልጅ ከአዲስ አበባ በድንገት ይመጣል፤ ዓረብ አገር ያለችው ልጅ በሳምንት አንዴ ትደውል የነበረችው በቀን ሁለት ጊዜ ትደውላለች፣ ስልኩን ስትዘጋም ድምፅዋ ይሰበራል፤ ጠያቂው ይበዛል፣ በግ ይታረዳል፣ ጎረቤት ገብቶ ዓይን ዓይናቸውን እያየ «ኧረ ደህና ነዎት፣ ፊትዎ ጥሩ ነው» ይላል። ሰባና ሰማንያ ዓመት ሰው ሲያስታምም፣ ሬሳ ሲያጥብና ለቅሶ ሲቀመጥ የኖረ ሰው የዚህን ትርጉም አያጣውም። ያውቃል፤ ዝም የሚለው ልጆቹ እንዳይደነግጡ ብሎ ነው፤ እነርሱም ዝም የሚሉት እርሱ እንዳይደነግጥ ነው። እንዲህ ባለ ቤት የተጠበቀ ተስፋ የለም፤ ያለው እያንዳንዱ ለብቻው የያዘው ሐዘን ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ባህላችን አይደለም» የሚለው ነው፤ ከፊተኛው ይልቅ ይህ ብርቱ መስሎ ስለሚታይ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። በመጀመሪያ፣ መደበቅን የኢትዮጵያ ወይም የምሥራቅ ጠባይ፣ መናገርን ደግሞ የምዕራብ ጠባይ አድርጎ ማየት ታሪኩን አይከተልም። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ የቺካጎ ጥናት ከተጠየቁት 219 ሐኪሞች መካከል 90 ከመቶው ለካንሰር ሕመምተኛ በሽታውን አለመንገርን እንደሚመርጡ ተናግረው ነበር፤ ምክንያታቸውም ዛሬ በደሴ የሚሰማው፣ ተስፋ ይቆርጣል የሚለው ነበር። ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ አሜሪካዊ ሆስፒታል ቀርቦ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲታተም 97 ከመቶው መንገርን እንደሚመርጡ ተናገሩ። በ18 ዓመት ውስጥ የአሜሪካውያን ደም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚታከመው በሽታ መብዛቱ፣ ሕመምተኛው መብቱን መጠየቁና ሐኪሙ እንዴት እንደሚነጋገር መማሩ ነው። እንግዲህ መደበቅ የአንድ ሕዝብ ባሕርይ ሳይሆን ሕክምናው ደካማና በሽታው አስፈሪ በሆነበት ጊዜ ሁሉ በየትም አገር የሚከሠት ልማድ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የወሎ ባህል ክፉ ወሬን ስለ መናገር ዝም ያለ ባህል አይደለም፤ እንዲያውም ለዚህ የተሟላ ሥርዓት አለው፣ እርሱም መርዶ ነው። የሰው ሞት በገበያ፣ በመንገድ ወይም በመሸ ጊዜ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች፣ የቅርብ ጎረቤትና የቅሬው ሰዎች፣ ማለትም በሌላው አገር ዕድር የሚባለው የቀብር ማኅበር አባላት፣ ማን እንደሚናገር ይመካከራሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ይሄዳሉ፤ የሚረዳው ሰው የሚደግፈው ዘመድ አጠገቡ መኖሩን ያረጋግጣሉ፤ ቃሉ የሚሰማለት ሰው ቀስ ብሎ ያስረዳል፤ ተናግረውም አይበተኑም፣ ቁጭ ይላሉ፣ ያስተዛዝናሉ። ይህ ሥርዓት ክፉ ወሬ እንደሚሰብር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ከዚህ ዕውቀት የደረሰበት መደምደሚያ ግን ይደበቅ የሚል ሳይሆን በጊዜው፣ በቦታውና በሰው መካከል ይነገር የሚል ነው። መርዶ ሊዘገይ ይችላል፣ አይቀርም፤ ልጇ የሞተባት እናት ለዘለዓለም አትስማ የሚል ሽማግሌ የለም። ታዲያ ስለ ሌላ ሰው ሞት ለመስማት የሚበቃ ተደርጎ የሚታይ አዛውንት ስለ ገዛ ሕመሙ ለመስማት አይበቃም የሚለው አስተሳሰብ ከየትኛው ባህል እንደመጣ የሚያስረዳ ሊገኝ አይችልም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ በአካባቢው ያሉት ሁለቱም ሃይማኖቶች ሰው ሞቱን ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ያዛሉ እንጂ ሳያውቅ እንዲወሰድ አይመኙለትም። በእስልምና፣ የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያው፣ ማለትም ኑዛዜው፣ ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር የሚያስጠነቅቅ የታወቀ ሐዲስ አለ፤ ያልተከፈለ ዕዳ ነገር እጅግ ከባድ በመሆኑም ከሟች ንብረት ላይ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳው ይከፈላል። በኦርቶዶክስ ክርስትና በኩል ንስሐ፣ ቁርባንና ለሕሙማን የሚደረገው ምሥጢረ ቀንዲል አሉ፤ የንስሐ አባት የሚጠራው ሕመምተኛው አፉ ሳይያዝ ነው። ከሁለቱም ጋር የተዋሐደው የወሎ ወግ ደግሞ አፉታ ነው፤ የታመመ ሰው ጎረቤቱን፣ የድንበር ተጋጣሚውን፣ የተቀያየመውን ወንድሙን አስጠርቶ «አፉ በሉኝ» ይላል፣ እነርሱም አፉ ይሉታል፣ እርሱም አፉ ይላቸዋል። ይህን ሊፈጽም የሚችለው የሚሄድ መሆኑን ያወቀ ሰው ብቻ ነው። ጨጓራ ነው ተብሎ የተኛ ሰው ለምን ሃያ ዓመት የተኳረፈውን ወንድሙን ያስጠራል? ማን ምን እንዳበደረው፣ የማን አደራ እጁ ላይ እንዳለ፣ የትኛው መሬት ለማን በቃል እንደተሰጠ ለምን ይናገራል? ዛሬ ነገ ሲል አፉ ይያዛል፤ ከቀብሩ በኋላ ደግሞ ልጆቹ በእርሻ ድንበርና በዕዳ ፍርድ ቤት ይካሰሳሉ። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ሕግ ባለይዞታ የመጠቀም መብቱን በኑዛዜ እንዲያወርስ ይፈቅዳል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል። ይህ ሁሉ ጊዜና ንቁ አእምሮ ይጠይቃል፤ መደበቅ የሚያጠፋው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ስለ መሞቻ ቦታም እንዲሁ ነው። በእስልምና ቀብር ሳይዘገይ ቢቻል በዚያው ቀን ስለሚፈጸም፣ በክርስቲያኑም ዘንድ ብዙም ስለማይቆይ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚሞት የደጋን ሰው ቤተሰብ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ ወይ ሬሳውን ሌሊቱን በመኪና አውርዶ ቅሬውን ማስነሣት፣ ወይም ዘመድ በሌለበት መቃብር ማሳረፍ። ብዙ አዛውንቶች ቢጠየቁ የሚመርጡት የታወቀ ነው፤ በቤታቸው፣ በአልጋቸው፣ ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ባሉበት መሞትን ይመርጣሉ። ሳይጠየቁ ስለሚወሰዱ ግን ብዙዎቹ የመጨረሻ ወራቸውን በማያውቁት ሰፈር፣ ሊድኑ ነው እየተባሉ ይጨርሳሉ። ይህን ጉዞ የሚያደርገው ልጅ የሚቻለውን ሁሉ አደረግሁ ለማለት እንደሚሄድ አይካድም፤ ልቡም ንጹሕ ነው። ነገር ግን የልጅ ሕሊና እንዲያርፍ የአያት ምኞት መሠዋት የለበትም።

ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት ግን በሕመም ማስታገስ ላይ የሚደርሰው ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ በአካባቢው የሚነገረው ጥቂት በመሆኑ በዝርዝር መታየት ይገባዋል። ካንሰር ወደ አጥንት ወይም ወደ ነርቭ ሲሠራጭ የሚያመጣው ስቃይ በተራ የራስ ምታት ክኒን አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የሦስት ደረጃ መሰላል ከፓራሲታሞል ጀምሮ፣ እንደ ኮዴይንና ትራማዶል ባሉ መለስተኛ መድኃኒቶች አልፎ፣ ወደ ሞርፊን ይደርሳል፤ ሞርፊን በአፍ የሚጠጣ ፈሳሽ ሆኖ በየ4 ሰዓቱ ሲሰጥ፣ መጠኑም በሕመሙ ልክ ቀስ በቀስ ሲጨመር፣ አብዛኛውን የካንሰር ሕመም ያስታግሣል። የሚያመጣው ድርቀት በመድኃኒት ይከላከሉታል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍና ማቅለሽለሽ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል፤ ለሕመም በልኩ የተወሰደ ሞርፊን ሰውን ወደ ሱስ ይከታል፣ ወይም ሞቱን ያፋጥናል የሚለው ወሬም መሠረት የለውም። አጥንት ላይ ለሚገኝ ሕመም ደግሞ 8 ግሬይ የሚባል መጠን ያለው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር፣ ባያድንም፣ ብዙውን ሰው ያሳርፋል። ዘመናዊውን የማስታገሻ ክብካቤ የመሠረተችውና እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ የከፈተችው ሲስሊ ሶንደርስ የዚህ ዓይነቱ ስቃይ የሥጋ ብቻ እንዳልሆነ፣ የአእምሮ፣ የቤተሰብና የመንፈስም እንደሆነ አስተምራለች። በኢትዮጵያም ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ተቋቁሞ በየቤቱ እየሄደ ሕሙማንን ሲያስታግሥ ቆይቷል፤ ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ክብካቤ መመሪያ አውጥቷል።

ይህ ዕውቀትና ይህ መድኃኒት የተደበቀበት ሰው ዘንድ ለመድረስ ይቸገራል። ጨጓራ ነው የተባለ ሰው «ሞርፊን ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቤተሰቡም ይህን ጥያቄ በመፍራት መድኃኒቱን ያስቀራል ወይም መጠኑን ይቀንሳል፤ ነርሷ በየቀኑ ሕመሙ የት እንደበረታ፣ ከዐሥር ስንት እንደሆነ ለመጠየቅ ትፈራለች፣ ምክንያቱም ሕመምተኛው መልሶ የሚጠይቃት ስላለ ነው። ውጤቱ ከደግነት የተነሣ ማሰቃየት ይሆናል። በሌሊት ግድግዳውን ይዞ የሚቃትት አዛውንት ልጆቹ ከጎኑ ሆነው «ይሻልዎታል» እያሉ ሲያለቅሱ፣ ሕመሙን ሊያወርድ የሚችለው ነገር በመድኃኒት ቤት ያለበት አጋጣሚ ሊኖር ይችላል፤ ያላገናኛቸው ውሸቱ ነው። ሞርፊን በየጤና ጣቢያው አለመኖሩ የመንግሥት ኃላፊነት ነው፣ ያም በብርቱ ሊጠየቅበት ይገባል፤ ነገር ግን ሕመማቸው ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች መድኃኒታቸውን ሊጠይቁ አይችሉም፤ የማይጠየቅ መድኃኒት ደግሞ ቶሎ አይመጣም።

ስለ ሕጉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ በምግብ፣ በመድኃኒትና በጤና ክብካቤ ላይ የወጣው ደንብ ቁጥር 299/2006ም የጤና ባለሙያ በሕመምተኛው ፈቃድ ላይ እንዲሠራ ያስገድዳል። ስለ ምን እንደሆነ ያልተነገረው ሰው የሰጠው ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ሌላም ቸል የሚባል ነጥብ አለ፤ ከመደበቁ በፊት የተፈጸመው ጥፋት የአንዲት ሴት ምስጢር ሳይጠየቁ ለልጅ ልጃቸው መነገሩ ነው። ቤተሰቡ የሚጠብቀው ምስጢር መጀመሪያውኑ የእርሱ አልነበረም።

የልጅ ልጆችን ነገር በተመለከተ የሕዝቡ አስተያየት የሚሳሳተው ሸክሙን ሁሉ በአያቱ በኩል ብቻ ስለሚያይ ነው። በደቡብ ወሎ ብዙ እናቶች ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ስለሚሄዱ ሕፃናቱን የሚያሳድጉት አያቶች ናቸው፤ ለእነዚህ ልጆች አያት ሁለተኛ እናት ሳይሆኑ የሚያውቋቸው ብቸኛ እናት ናቸው። እንግዲህ ከእነዚህ ልጆች አንዷ ወረቀቱን አንብባ፣ ሆስፒታል አስተኝታ፣ ሌሊት አስታምማ፣ ጠዋት ፈገግ ብላ «እማማ፣ ዛሬ ደህና ነዎት» እያለች ለወራት ስትኖር ምን እንደሚሆንባት ማንም አይጠይቅም። አያትየዋ «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» ብለው ሲለምኗት እያየቻቸው ትዋሻለች፤ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ደግሞ ይህ ውሸት የመጨረሻ ንግግራቸው ሆኖ ይቀርባታል። በሪያድ ያለችው እናት ከሁሉ ትብሳለች፤ «ደህና ናቸው፣ አትምጪ» ተብላ ቆይታ፣ በመጨረሻ ከሥራ አስፈቅዳ ስትነሣ የምትደርሰው ለቀብር ሳይሆን ለሐዘን ነው። ትንንሾቹም ከክፍሉ እየተባረሩ ያድጋሉ፤ ሕፃን የሰማውን በራሱ መንገድ ስለሚሞላው ብዙ ጊዜ «እኔ አስቆጥቻቸው ነው» የሚል ጥፋት ይሸከማል። ለሕፃን በልኩ፣ «እማማ ከባድ ሕመም ይዟቸዋል፣ ሐኪሞች ሊያድኑት አልቻሉም፣ አንተ አላመጣህባቸውም፣ እስካሉ ድረስ አጠገባቸው ተቀመጥ» ማለት ከዝምታው ያነሰ ጉዳት አለው። ያቺ ልጅ መጽናናትን የምታገኘው ከአያቷ ጋር በአንድነት በማልቀስ ነው፤ ያን ግን ውሸቱ ይከለክላታል። አዛውንቱም በተራው የመጨረሻ ሥራውን፣ ልጆቹን ማጽናናትንና መመረቅን፣ ይነጠቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ከሌሎቹ ሁሉ ከባዱም እርሱ ነው። ማወቅ የማይፈልግ ሰው አለ፤ «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ አልስማ፣ ነገሩን ለአላህ ሰጥቻለሁ» የሚል አዛውንት ይገኛል። ይህ ሰው ሊገደድ አይገባም፤ በአፉ ላይ እውነትን የሚያፈስ ሐኪም ከሚደብቀው ሐኪም አይሻልም። ልዩነቱ ግን ይህን የወሰነው ራሱ መሆኑ ነው። «አያውቅም» የተባለውና «አልስማ» ያለው ሰው ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ አንዱ ግን ተፈርዶበት ነው፣ ሌላው መርጦ ነው። ደግሞም መናገር ማለት የሞትን ቀን መተንበይ አይደለም፤ «ይህን ያህል ወር ቀርቶዎታል» የሚል ሐኪም ሊያውቅ የማይችለውን ይናገራል፣ አማኙን ማኅበረሰብም በትክክል ያስቆጣል። የሕመሙን ስምና የሚቻለውንና የማይቻለውን መናገር በቂ ነው፤ ጊዜው የአላህ ነው፣ የእግዚአብሔር ነው ማለት ከዚህ ጋር አይጋጭም።

አነጋገሩም ከመርዶው ሊማር ይችላል፤ ሐኪሙ ብቻውን በቆመበት ሳይሆን ተቀምጦ፣ ሕመምተኛው ከሚያምነው ልጅ ጋር፣ በጠዋት፣ ለእንባና ለጥያቄ ጊዜ ትቶ፤ ካስፈለገም በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት ሦስት ቀን ከፋፍሎ። ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ውጤቱስ ለማን እንዲነገር ይፈቅዳሉ?» የሚለው። ይህ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ውጤቱ ከመጣ በኋላ አይደለም፣ ያኔ የጠያቂው ፊት መልሱን ይናገራል፤ መጠየቅ ያለበት ናሙናው በሚወሰድበት ቀን፣ በሽታው ገና ማንም ዘንድ ሳይታወቅ፣ ለሐኪሙም ለልጅ ልጁም የሚደበቅ ነገር ገና ሳይፈጠር ነው። አያትየዋ ያን ቀን የሚመልሱት መልስ በካርዳቸው ላይ ይጻፋል፤ ከፓቶሎጂ ክፍል ፖስታው ሲመለስ ማን ከፍቶ እንደሚያነበው የሚወሰነውም በዚያ መልስ ይሆናል።